ፔትሪ ዲሽ ላይ የሞተ ትል በግ ሆድ ውስጥም ይሞታል ወይ?

ትልን ከሆድ አውጥቶ በፔትሪ ዲሽ፣ ማለትም በጠፍጣፋ የላብራቶሪ ሳህን ላይ፣ መግደል ቀላል ነው። የሚኮመጥጥ ውሃ ይገድለዋል፣ የበዛ ጨው ይገድለዋል፣ ሳሙና ይገድለዋል፤ ማንም ሳይነካው ቢቀመጥ እንኳ ውሎ ሲያድር መድከሙ አይቀርም። ስለዚህ «የዚህ ቅጠል ኤክስትራክት (ተዘፍዝፎ የወጣው ጭማቂ) በ8 ሰዓት ውስጥ ትሉን ሁሉ ፈጀው» የሚል ውጤት ሲመጣ፣ ደስታውን ትንሽ አቆይቶ ሦስት ነገር መጠየቅ ይሻላል፦ በሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም ነበር? በምን ተሟሙቶ? ፒኤቹስ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ) ስንት ነበር?

የባህል መድኃኒት ተክል በሆድ ትል ላይ ሊሞክሩ ለተነሱ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ሥራውን ከነወጥመዱ እንዘርዝረው። ምሳሌያችን የበግና የፍየል ደም መጣጭ የሆነው ሄሞንከስ ኮንቶርተስ ነው። የሚኖረው በአራተኛው የሆድ ክፍል፣ በአቦማሰም ውስጥ ነው። ሴቷ ከ18 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች፤ ደም በሞላው ቀይ አንጀቷ ላይ ነጩ የእንቁላል ቱቦ ስለሚጠመጠም አብረው የተገመዱ ቀይና ነጭ ክሮች ትመስላለች፣ በባዶ ዓይን ትለያለች። በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። ቄራ ጎራ ላለ ሰው ሁሉ ትገኛለች፣ እንቁላሏ አይጠፋም፣ የተለመደውን የትል መድኃኒት አልቤንዳዞልን የተላመደው ዝርያዋም በእኛም አገር ተዘግቧል። አዲስ መድኃኒት መፈለጉ ከንቱ ድካም ያልሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ተክሉ። የአገር ስም ብቻውን አይበቃም። «ሬት» ሲባል ስንት ዓይነት ሬት አለ። እንቆቆና ቀጨሞ ሁለቱም ትናንሽ ድቡልቡል ፍሬ ያላቸው፣ ሁለቱም ለኮሶ ትል የሚሰጡ፣ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ከገበያ የተገዛ ደረቅ ፍሬ ይዞ «ይህ እንቆቆ ነው» ብሎ መማል አያስተማምንም። ከነአበባው ወይም ከነፍሬው የተቆረጠ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሃል ተጭኖ ይድረቅ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማከማቻ) በባለሙያ ይለይ፣ ቁጥር ይሰጠው። ያ ቁጥር የሌለው ጥናት ከዓመት በኋላ ማንም ሊደግመው አይችልም። የተለቀመበት ወር፣ ቦታና የተክሉ ክፍልም ይጻፍ።

ማድረቁ ጥላ ላይ ነው፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቅጠል ቀለሙ ሲነጣ ሌላም ነገር አብሮ ይሄዳል። ቅጠሉ በጣት ሲያሹት ተንኮሻኩሾ ሲፈርስ ደርቋል። በከፊል የረጠበ ከተፈጨ በማሰሮም ሆነ በላስቲክ ውስጥ ይሻግታል፣ የሻጋታው መርዝም ትል ሊገድል ይችላል፤ ያኔ የተሞከረው ሻጋታው ይሁን ቅጠሉ አይታወቅም። ዱቄቱ ጥቅም ላይ እስኪውል በጨለማ፣ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ኤክስትራክቱ። የተለመደው አሠራር 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል ዘፍዝፎ ለ72 ሰዓት አልፎ አልፎ እያወዛወዙ ማቆየት፣ በጨርቅ ከዚያም በዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት ማጥለል፣ ዝቃጩን ሁለት ጊዜ ደግሞ መዘፍዘፍ፣ ሜታኖሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር ከ40 ዲግሪ ሳያልፉ ማትነን ነው። የቀረው ውሃ በማቀዝቀዣ ማድረቂያ ይወጣል። ክብደቱ ይመዘን፤ ከ100 ግራም ዱቄት 12 ግራም ኤክስትራክት ከተገኘ ምርቱ 12 በመቶ ነው። ይህችን ቁጥር ብዙ ሰው ጽፎ ይረሳታል፤ ኋላ ግን መላ ሒሳቡ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው። ሜታኖሉ ጨርሶ መውጣቱም ይረጋገጥ፤ ሲያሸቱት «ደረቀ» የሚባል ነገር አይሠራም፣ ክብደቱ በሁለት ተከታታይ ቀን ሳይለወጥ ሲቀር ነው የደረቀው።

እዚህ ላይ አንድ የምንከራከርበት ነገር አለ። ባላገሩ በሜታኖል አይዘፈዝፍም፤ በውሃ ነው፣ አንዳንዴም በጠላ። እንቆቆን እንውሰድ። ዋናው ንጥረ ነገሩ ኤምቤሊን የሚባል ብርቱካናማ ኬሚካል ነው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ አሞኒያ ጠብ ሲደረግበት ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ስለሚዞር መኖር አለመኖሩን ማየት ቀላል ነው። የእንቆቆ ዱቄት በውሃ ተዘፍዝፎ ተጠልሎ ቢሞከርና ባይሠራ፣ የወደቀው ማጥለያ ወረቀቱ እንጂ እንቆቆው አይደለም፤ ኤምቤሊኑ ከዝቃጩ ጋር ተጥሏልና። የአገሬው ሰው ዱቄቱን ከነዝቃጩ ነው የሚጠጣው። በተቃራኒው በሜታኖል ብቻ ሞክሮ «የባህል አጠቃቀሙ ተረጋገጠ» ማለትም አያስኬድም፤ የተረጋገጠው ሌላ መድኃኒት ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን መሥራት ወጪው የአንድ ሳምንት ነው።

በእንቁላል ይጀመር። የእንቁላል መፈልፈል ሙከራ ርካሽ ነው፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ትል ለማግኘትም በግ ማረድ አያስፈልግም። ብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ከቄራ የመጡ ሴት ትሎችን በሙቀጫ ጨቅጭቆ እንቁላል ማውጣት ነው። ይህ መንገድ ያልበሰለውንም ያልዳበረውንም እንቁላል አንድ ላይ ያወጣል፤ ከዚያ ምንም ያልተጨመረበት ኮንትሮል ራሱ 60 በመቶ ብቻ ይፈለፈልና ሙከራው ገና ሳይጀመር ይበላሻል። የሚሻለው ሄሞንከስ ብቻ የተሰጠው ለጋሽ ጠቦት መያዝ፣ ከፊንጢጣው ትኩስ በጠጥ መውሰድ ነው። መሬት ላይ የወደቀ በጠጥ የመሬት ውስጥ ነጻ ትሎች ይገቡበታል።

ከ10 እስከ 15 ግራም በጠጥ በለብ ያለ ውሃ ይታሽና በሻይ ማጥለያ፣ ቀጥሎ በ100 ማይክሮ ሜትር ወንፊት ያልፋል፤ እንቁላሉ በ25 ማይክሮ ሜትር ወንፊት ላይ ይቀራል፣ ምክንያቱም ርዝመቱ ከ70 እስከ 85፣ ስፋቱ ወደ 44 ማይክሮ ሜትር ነው። ወንፊቱ ላይ የቀረው ታጥቦ በሴንትሪፉጅ ይጠልላል፣ ከዚያ በተሞላ የጨው ውሃ (ስፔሲፊክ ግራቪቲው፣ ማለትም ከንጹሕ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት፣ 1.2) ተቀላቅሎ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈው ተሰብስቦ በ25ቱ ወንፊት ላይ በብዙ ውሃ ይታጠብ። ይህ መታጠብ ቸል ከተባለ የቀረው ጨው እንቁላሉን ያጨማድደዋል፣ በማግስቱም «ኤክስትራክታችን በዝቅተኛው መጠን እንኳ ሠራ» የሚል የሐሰት ደስታ ይመጣል። ከበጠጡ መውጣት እስከ ሙከራው መጀመር ከ3 ሰዓት አይበልጥ፤ ከዚያ ካለፈ እንቁላሉ ማደግ ይጀምርና መድኃኒቱ ቀድሞ ሊነካው የሚገባውን ደረጃ ያልፋል።

የኤክስትራክቱ መጠን ደግሞ በሒሳብ ስህተት የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው። ባለ 24 ጉድጓድ ሳህን ላይ ወደ 100 እንቁላል ያለበት 0.5 ሚሊ ሊትር ውሃ ይገባል፣ ከዚያ 0.5 ሚሊ ሊትር ኤክስትራክት ይጨመራል። ስለዚህ በጉድጓዱ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር እንዲሆን የሚፈለግ ከሆነ የሚቀዳው 20 ሆኖ መዘጋጀት አለበት። ከ10 ጀምሮ በግማሽ በግማሽ እየወረዱ 5፣ 2.5፣ 1.25፣ 0.625፣ 0.313 ሚሊ ግራም ይሠራል፤ እያንዳንዱ በሦስት ጉድጓድ፣ ሙከራው በሙሉ በሌላ ቀን ሁለት ጊዜ ይደገማል። በውሃ የማይሟሟ ኤክስትራክት ዲኤምኤስኦ በሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ ይሟሟል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሲደርስ ዲኤምኤስኦው ከ1 በመቶ አይለፍ፣ ያንኑ 1 በመቶ ብቻ የያዘ ኮንትሮልም ይኑር። የእያንዳንዱ ኮንሰንትሬሽን (በሚሊ ሊትር ያለው መጠን) ፒኤች በወረቀት ሳይሆን በመለኪያ ይለካ። ባዶዎቹ ጉድጓዶች ውሃ ይሞላባቸው፣ ካልሆነ ዳር ያሉት ይደርቃሉ።

በ27 ዲግሪ 48 ሰዓት ይቆይና በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ጠብታ ሉጎል አዮዲን ይጨመራል። አዮዲኑ ሁሉንም ባለበት ያቆመዋል፣ ቀለምም ይሰጠዋል። ቆጠራው በሦስት ይከፈል፦ የወጣ እጭ፣ ውስጡ ያልዳበረ እንቁላል፣ እና እጩ ውስጡ ተጠምጥሞ እየታየ ያልወጣበት እንቁላል። ብዙ ሰው ኋለኞቹን ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ ያልፋል፤ የሚያሳዝን ነው፣ ምክንያቱም ታሪኩ ያለው ልዩነታቸው ላይ ነው። ታኒን (ከፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ የተክል ኬሚካል) የበዛበት ኤክስትራክት ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ሦስተኛውን ነው፤ እጩ አድጓል፣ መውጣት ግን አቅቶታል።

ታኒን መሆኑ የሚጠረጠር ከሆነ ታኒን ይዞ የሚያስቀረውን ፒቪፒፒ ዱቄት ከኤክስትራክቱ ጋር ቀላቅሎ በቅዝቃዜ አሳድሮ በሴንትሪፉጅ ማውጣትና ደግሞ መሞከር ነው። ኃይሉ አብሮ ከጠፋ የሠራው ታኒን ነበር ማለት ነው። ታኒን ደግሞ ገና ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚውል፣ አቦማሰም ድረስ ምን ያህሉ በነጻ እንደሚደርስ ሌላ ጥያቄ ነው።

ኮንትሮሉ መቶ በመቶ እንደማይፈለፈል ግልጽ ነው፤ ያን የሚያስተካክለው የአቦት ቀመር ነው። ኮንትሮሉ ላይ ያልተፈለፈለው 12 በመቶ፣ በ2.5 ሚሊ ግራም ላይ ያልተፈለፈለው 56 በመቶ ከሆነ፣ 56 ሲቀነስ 12 ይሆናል 44፤ 100 ሲቀነስ 12 ይሆናል 88፤ 44 ለ88 ሲካፈል 50 በመቶ። የመድኃኒቱ ድርሻ ይኸው 50 እንጂ 56 አይደለም። ኮንትሮሉ ከ20 በመቶ በላይ ሳይፈለፈል ከቀረ ግን በቀመር መጠገን ሳይሆን ሙከራውን ጥሎ እንደገና መጀመር ነው።

ስለ ማወዳደሪያው መድኃኒትም እንናገር፤ እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። በብዙ ጽሑፍ ላይ አልቤንዳዞል 0.25 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ ከጎን ይቆማል፣ ኤክስትራክቱም በ1 ሚሊ ግራም «ከመደበኛው መድኃኒት የሚስተካከል» ይባላል። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ታያቤንዳዞል ያልተላመደውን ትል እንቁላል ግማሹን የሚያስቀረው በሚሊ ሊትር ከ0.1 ማይክሮ ግራም በታች ነው። 0.25 ሚሊ ግራም ማለት 250 ማይክሮ ግራም ነው፤ የ2,500 እጥፍ ልዩነት። ዝሆንን ከሰው ጋር ክብደት አስለክቶ «ሁለቱም ከ50 ኪሎ በላይ ናቸው» እንደማለት ነው። ለማወዳደሪያውም እንደ ኤክስትራክቱ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ኮንሰንትሬሽን ይሠራለት።

በአዋቂው ትል ሙከራ ላይ ደግሞ አልቤንዳዞል ጭራሽ የማይሆን ማወዳደሪያ ነው። እሱ የትሉን የሴል አጽም ቀስ ብሎ የሚያፈርስ ስለሆነ በሰዓታት ውስጥ እንቅስቃሴ አያቆምም፤ ስለዚህ ማንኛውም ቅጠል ቀድሞት የገደለ ይመስላል። ሌቫሚሶል ግን ነርቭና ጡንቻ ላይ ስለሚሠራ ፈጥኖ ያሽመደምደዋል። ለእንቅስቃሴ ሙከራ እሱ ይቁም።

አዋቂዎቹን ለማግኘት አቦማሰሙ ሁለቱም ጫፍ ታስሮ ከበጉ እንደወጣ ይወሰድ፣ በፔርሙስ ለብ ያለ ፒቢኤስ (ፒኤቹ የማይዋዥቅ የጨው ውሃ) ይዞ መሄድ ይጠቅማል። በሰፊው ጎኑ ይከፈት፤ ከግድግዳው ላይ የተጣበቁትን በለስላሳ መቆንጠጫ ወይም በብሩሽ ማንሳት፣ ሳይበጠሱ። ሁለት ሦስት ጊዜ በፒቢኤስ (ፒኤች 7.2) ይታጠቡ፣ እየተወራጩ ያሉት ብቻ ይመረጡ፣ በአንድ ፔትሪ ዲሽ 10 ይግቡ፣ በ37 ዲግሪ ይቀመጡ። በ1፣ 2፣ 4፣ 6 እና 8 ሰዓት ይታያሉ። ያልተንቀሳቀሰ ሁሉ አልሞተም፤ ወጥቶ በንጹሕ ለብ ያለ ፒቢኤስ 30 ደቂቃ ቆይቶም ካልተነቃነቀ ነው «ሞቷል» የሚባለው። ጥቁር ቡና የመሰለ ኤክስትራክት ውስጥ የትሉ እንቅስቃሴ ስለማይታይ ዲሹን ከሥር በብርሃን ማየት ወይም ትሉን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። የሚቆጥረው ሰው ደግሞ የትኛው ዲሽ የትኛው እንደሆነ አይወቅ፤ ሌላ ሰው ኮድ ይስጠው። የሚጠበቀውን ውጤት የሚያውቅ ዓይን ያልሞተውን ትል ይገድላል።

የመሬት ትል፣ ያ ከጓሮ የሚቆፈረው፣ በሆድ ትል ፈንታ የሚሞከርባቸው ብዙ ጥናቶች አሉ። እኛ አንመክርም። ቆዳው ስስና እርጥብ ነው፣ የሆድ ትል ደግሞ የምግብ መፍጫ አሲድና ኢንዛይም የለመደ ጠንካራ ሽፋን አለው። ሳፖኒን (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ የተክል ኬሚካል) ያለበት ብዙ ተክል የመሬት ትል ይገድላል። እንዶድን አስቡ፦ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የፍሬውን ኃይል የደረሱበት፤ ያው አረፋው ዓሣም ይገድላል። ይህ የሆድ ትል መድኃኒት አያደርገውም። የመተሬ ዘርም ሳፖኒን አለው፤ በሙከራ ቱቦ ተንጦ አረፋው ከ10 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ማንኛውም ኤክስትራክት ላይ የ«ገደለ» ውጤት በጥርጣሬ ይታይ።

እንግዲህ ያቺ የምርት ቁጥር እዚህ ጋ ትመጣለች። በዲሹ ላይ ግማሹን ያስቀረው 2 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ነው እንበል። 25 ኪሎ የሚመዝን በግ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ፈርስ አለ ብለን ብናሰላ፣ ያንን ኮንሰንትሬሽን እዚያ ለማድረስ 10 ግራም ኤክስትራክት ያስፈልጋል፤ በኪሎ 400 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ምርቱ 12 በመቶ ከሆነ 83 ግራም ደረቅ ቅጠል። ይህ በጉ ሊጠጣው የሚችል ነገር ነው። ውጤቱ የተገኘው በ20 ሚሊ ግራም ከሆነ ግን 100 ግራም ኤክስትራክት፣ ከ830 ግራም በላይ ደረቅ ቅጠል ለአንድ በግ ለአንድ ጊዜ። ያን የሚያህል አጠጥቶ ትሉ ከመሞቱ በፊት በጉ ይሞታል። ይህንን ሒሳብ በግ ከመግዛት በፊት መሥራት ብዙ ብር ያድናል። ሒሳቡ ደግሞ ገና የተሻለውን ሁኔታ ወስዶ ነው፤ የፈርሱ ባክቴሪያዎች የሚያፈርሱት፣ ወደ አቦማሰም ሲወርድ የሚቀጥነው አልታሰበም፣ እዚያም ፒኤቹ ወደ 3 ይወርዳል፣ ዲሹ ላይ ደግሞ 7.2 ነበር።

ሒሳቡ ካስኬደ በመጀመሪያ በአይጥ ላይ እስከ 2,000 ሚሊ ግራም በኪሎ የመርዛማነት ሙከራ፣ ከዚያ በጎች። በእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 10፣ በግራም በጠጥ ከ150 በላይ እንቁላል ያላቸው። በጎቹ ሆን ተብሎ በትል የሚለከፉ ከሆነ 5,000 ያህል ሦስተኛ ደረጃ እጭ በአፍ ይሰጥና እንቁላል መታየት እስኪጀምር 3 ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ቆጠራው በማክማስተር (ባለ ሁለት ክፍል የእንቁላል መቁጠሪያ መስታወት) ነው፦ 2 ግራም በጠጥ፣ 28 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ፣ የሁለቱም ክፍል ድምር ሲባዛ በ50። ከሕክምናው በኋላ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ይደገማል።

የእንቁላል ቁጥር ብቻውን ግን ይዋሻል። ተክሉ በጉን ካስቀመጠው በጠጡ ይቀጥንና እንቁላሉ በግራም ያነሰ ይመስላል፤ ትሎቹ ግን እዚያው አሉ። ሌላ ጊዜ ሴቷ ትል ሳትሞት እንቁላል መጣል ብቻ ታቆማለች፣ መድኃኒቱ ሲያልፍ ትጀምራለች። ስለዚህ ቢያንስ ከየቡድኑ ጥቂት በጎች ታርደው አቦማሰማቸው ውስጥ ያለው ትል ይቆጠር።

ኮሶ ስንት ዘመን የተሞከረ መድኃኒት ነው ብሎ ላብራቶሪ አያስፈልገውም የሚል ሰው አይጠፋም። ኮሶ በእርግጥ ይሠራል። የሴቷ ዛፍ ቀይ አበባ፣ ደርቆ ተፈጭቶ፣ በባዶ ሆድ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ሳይቀሩ ወደ ፋርማኮፒያቸው (የመድኃኒት መዝገባቸው) አስገብተውት ነበር። ኃይሉ ያለው ኮሶቶክሲንን በመሰሉ ሙጫ ነክ ኬሚካሎች ላይ ነው፤ ልክ እንደ እንቆቆው በውሃ ተዘፍዝፎ የተጠለለ ኮሶ አብዛኛውን ጥሎ ነው የሚመጣው። ግን መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፣ ያሳውራል፤ የአበባው ጥንካሬ ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ «አንድ እፍኝ» የሚባለው መለኪያ ለአንዱ አነሰ ለሌላው በዛ። በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም የሚሰጠው የኮሶ ትል መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ባለበት ዘመን ለዚህ ዓይንን ማስያዝ አያዋጣም።

ደግሞም አያቶቻችን ኮሶን በየሁለት ወሩ ይጠጡ ነበር። ጥሬ ሥጋው ስላልቀረ እንደገና መያዝ አለ፤ ነገር ግን የኮሶ ትል (ቴኒያ ሳጂናታ) ጭንቅላቱ ብቻ ቀርቶ እንኳ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ መልሶ ቁርጥራጭ መጣል ይጀምራል። ሜትሮች የሚረዝም ትል መውጣቱ መዳን አይደለም። በኮሶ ትል ላይ መድኃኒት የሚሞክር ሰው ከመድኃኒቱ በኋላ የወጣውን ሰገራ በሙሉ ሰብስቦ በውሃ እያጠበ በወንፊት ማሳለፍና፣ በጥቁር ሳህን ላይ ዘርግቶ ከክሩ ቀጭን ጫፍ ላይ 1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነችውን፣ አራት መምጠጫ ያላትን መንጠቆ የሌላትን ራስ መፈለግ አለበት። ካልተገኘች ሦስት ወር ጠብቆ እንደገና ሰገራ መመርመር ነው።